የአዲሱ አድራሻ ክርስትና እናት

ኔሪሳ ከደረጃው ሥር ባለችው ጠባብ ክፍል ተንበርክካ የሰርቨሩን ገመዶች ስታስር፣ አጎቷ ቲዮ ናቶና ሚስታቸው ቲያ ክላሪታ ከራሷ በላይ፣ ደረጃው መሐል ቆመው ሲነጋገሩ ሰማች። ክፍሏ ዱሮ የመጥረጊያና የባልዲ ማስቀመጫ ነበረች፤ ጣሪያዋ ራሱ የደረጃው ሳንቃ ነው። ከታች ጽሕፈት ቤት፣ ከላይ መኖሪያ በሆነው በዚያ ቤት ወጪ ወራጁ ሁሉ በኔሪሳ አናት ላይ ይረማመዳል። ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንደቸኮለ፣ ማን ጫማውን በእጁ ይዞ እንደሚወርድ ከእርምጃው ታውቃለች። እነሱ ግን ከሥራቸው ሰው መኖሩን ይረሳሉ። ማሽን ያለበት ክፍል ሰው ያለበት አይመስላቸውም።

«ስንት ሰው እያለ ቁልፉን እሳቸው ይጫኑት ትላለህ?» አሉ ቲያ ክላሪታ።

«ታዲያ ማን ይጫነው? የቤቱ ታላቅ ማናንግ ሳሊንግ ናቸው። እሳቸውን ዘልዬ ሌላ የክርስትና እናት ባቆም የሃሮ ሰው ምን ይለኛል?»

«ልጃቸው እዚያ መርከብ ላይ ተቀምጦ?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

ቀነሱ። ሳንቃው ግን ድምፅ መቀነስ የሚባል ነገር አያውቅም።

«ምን አድርግ ነው የምትዪኝ?» አሉ ቲዮ ናቶ። «መርከቡ የእኔ ነው? ባለቤቱ ስልኩን ዘግቶ ጠፋ። እነሱ ደግሞ በየሳምንቱ ለእኔ ይጽፋሉ። ሩዝ አለቀ፣ ነዳጅ አለቀ፣ የዝናብ ውሃ በሸራ እያጠራቀምን ነው የምንጠጣው ይላሉ። አንድ ጊዜ አፌን ከፍቼ ብመልስላቸው ኃላፊው አንተ ነህ ይሉኛል፤ ፈቃዴን እነጠቃለሁ። ከዛሬ በኋላ ግን አድራሻው የለም። ሲጽፉ፣ እንዲህ የሚባል ሰው የለም ብሎ ማሽኑ ይመልስላቸዋል። ሲሰለቻቸው ሌላ በር ያንኳኳሉ።»

«ሮምኒክስ?»

«ሮምኒክ ጎልማሳ ነው። ደግሞ ብቻውን አይደለም።»

እኛ የኢሎኢሎ ሰዎች ስንጣላ እንኳ ድምፃችን እሹሩሩ ይመስላል፤ ከማኒላ የመጣ እንግዳ ስንሰዳደብ ሰምቶ ፍቅር ያዛቸው ብሎ ያልፋል። ይህም ሁሉ የተባለው በዚያው በለስላሳው ድምፅ ነው። ቀጥሎ የሰውየው አዲስ ጫማ ደረጃውን እያንቋቋ ወረደ፤ ከጽሕፈት ቤቱ በኩልም ስለ አበባው ሲጠይቅ ተሰማ። እስከዚህ ድረስ አንቱ ያልኩት ለዕድሜው ብዬ ነው። ከዚህ በኋላ አንተ ብለው አንባቢ አይቀየመኝ፤ አንቱታው አልወጣ አለኝ።

ኔሪሳ የማሰሪያው ጫፍ በጥርሷ እንደተያዘ ክው ብላ ቀረች። መጀመሪያ ጆሮዋን ተጠራጠረች። ስለ ሌላ መርከብ፣ ስለ ሌላ ሮምኒክ የሚያወሩ መስሏት ነበር። ነገር ግን ሌላ ሮምኒክ ከየት ይመጣል? ሮምኒክ የማናንግ ሳሊንግ፣ ማለት የናቶ ታላቅ እህት፣ ልጅ ነው፤ ለኔሪሳ የአክስቷ ልጅ። እናቷ ሞታ በአክስቷ ቤት ስትኖር አንድ ምንጣፍ ላይ ተኝተው፣ በአንድ ጃንጥላ ትምህርት ቤት የሄዱ ናቸው። ባለፈው ዓመት በናቶ ጽሕፈት ቤት በኩል ሲቀጠር፣ «አጎቴ እያለ ምን እሆናለሁ!» እያለ ሻንጣውን የሸከፈውም እዚሁ ቤት ነው። መርከቡ ሩቅ አገር፣ ወደብ ሳይገባ ከዳር ቆሞ ጥገና ላይ ነው ከተባለ ወራት አልፈዋል። ስልክ እዚያ አይደርስም። ያለው ካፒቴኑ ክፍል ውስጥ ያለ በሳተላይት የሚሠራ ኢሜይል ብቻ ነው፤ እሱም ለመርከቡ ባለቤትና ለወኪሉ ብቻ እንዲጽፍ ተደርጎ የተቆለፈ ነው። ይህን ኔሪሳ በደንብ ታውቃለች፤ በወኪሉ በኩል ያለውን ያገናኘችው ራሷ ናትና። የእነዚያ ሰዎች በር አንድ አድራሻ ነው ማለት ነው። እሷ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ የለፋችው ያንን በር ለመድፈን ኖሯል።

ሥራው ሲነገራት ክፋት ያለው አይመስልም ነበር። «የፓጉንታላን የባሕረኞች ወኪል» ስሙን ቀይሮ «ካንዴላርያ» ሊባል ነው፤ በሰፈራችን በሃሮ ባለው ካቴድራል ሰገነት ላይ በቆመችው እመቤታችን ስም። እመቤታችን ተጠይቃ እንደሆነ እንጃ። ታዲያ የኢሜይሉም ስም፣ ያ ከ«@» ምልክት በኋላ የሚመጣው ዶሜይን የሚሉት፣ አብሮ መቀየር አለበት። ሰርቨሩ ያው የድሮው ሰርቨር ነው፤ በሆዱ የድሮውን ስሙን እንደያዘ ይኖራል፤ ለሰው የሚያሳየው ስም ብቻ ነው አዲስ የሚሆነው። በደንቡ የድሮው አድራሻ ለጊዜው ክፍት ሆኖ ይቆያል። ቤት የለቀቀ ሰው ለጎረቤቱ አደራ እንደሚለው ሁሉ፣ በድሮው ስም የመጣ ደብዳቤ ወደ አዲሱ ሣጥን ይገባል። ኔሪሳም እንዲህ ብላ ነበር። ናቶ ግን ራሱን ነቅንቆ «የድሮ ቤት ጉድፍ አዲስ ቤት አይገባም» አላት። ስለ ማስታወቂያና ስለ አጭበርባሪ መልእክት የሚያወራ መስሏት ሳቀች። አሁን ያ ሳቋ ትዝ ሲላት ፊቷ ጋለ። ቁልፉም አንድ ብቻ እንዲሆን ያዘዘው እሱ ነው። አንድ ጊዜ ሲጫኑት አዲሱ ይከፈታል፣ የድሮው ይዘጋል፤ ካህኑ አባ ኤሊሴዮ ጸሎቱን ጨርሰው አሜን ሲባል የአዲሱ አድራሻ የክርስትና እናት ትጫነዋለች። በእኛ ከተማ ካህን ውሃ ያልረጨበት ነገር አይጀመርም፤ ዳቦ ቤትም ይሁን ባለ ሦስት እግር ታክሲ፣ የክርስትና አባትና እናት ይቆሙለታል። እዚህ ድረስ ማንም ሰው የሚያደርገው ነው። የልጁን የገዛ እናት ጣት ተውሶ በልጁ ላይ በር መዝጋት ግን ከየት የመጣ ነው?

ወጥታ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። ለምን እንደምትሄድ አላወቀችም፤ እግሯ ወሰዳት። ወጥ ቤቱ ከቤቱ ጀርባ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ብቻ የሆነ ነው። ከዝናቡ በፊት ያለው ሙቀት እዚያ ገብቶ ተቀምጧል። ሳሊንግ ፀጉራቸውን በጨርቅ ጠቅልለው፣ በትልቁ ሰታቴ የምርቃቱን ፓንሲት እያማሰሉ ነበር። ቀጭኑ ፓስታ ተቆርጦ እንዳይሳጠር፣ ዕድሜ ያሳጥራል ይባላልና፣ ከሥሩ እያነሱ በቀስታ ነው የሚገለብጡት። ሌቾኑ፣ ያ በከሰል የተጠበሰው ሙሉ አሳማ፣ በሙዝ ቅጠል ተሸፍኖ ጠረጴዛ ላይ ተጋድሟል። በሌላው ምድጃ ሩዙ ክዳኑን እያንኳኳ ይፍለቀለቃል። በዚህ ቤት ድግስ ሲኖር ሳሊንግ እንግዳ ሆነው አያውቁም፤ ወጥ ቤት ይገባሉ። ማንም ይግቡ አይላቸውም፣ ማንም ይተዉት አይላቸውም። ናቶን ያሳደጉት እሳቸው ናቸው። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና ሱሪውን በወጉ አይታጠቅም ነበር። በቤተ ክርስቲያን በር የሩዝ ቂጣ እየሸጡ ነው የባሕር ትምህርት ቤት ያስገቡት።

«ኢንዳይ፣ ምነው? መንፈስ ያየሽ ትመስያለሽ» አሏት፤ ኢንዳይ እኛ ሴት ልጅን የምናቆላምጥበት ቃል ነው። «በልተሻል?»

«አልራበኝም ቲያ።»

«አልራበኝም ብሎ መልስ አለ? ሽሪምፕ ኪሎው ስድስት መቶ ፔሶ ገብቶ ሴትዮዋን ለምኜ በአምስት መቶ ሃምሳ ነው ያመጣሁት፤ ቅመሺና ጨው እንዳለው ንገሪኝ።» በጭልፋው ጫፍ አቀረቡላት። ቀመሰች። ምላሷ ላይ ምንም አልተሰማትም፤ «ጥሩ ነው» አለች። ሳሊንግ ተደሰቱ። «ልጄ ኒክም እንዲህ ነው። ሐሳብ ሲይዘው እህል አይገባውም። አሁንስ ደህና ነው፤ መርከቡ ላይ በቀን አራት ጊዜ ነው አሉ የሚያበሏቸው። ወፍሯል።»

«ማን ነገረዎት?»

«ናቶ ነዋ። ካፒቴኑ ጽፎለት። እኔማ፣ ምነው ልጁ ራሱ አንድ መስመር አይልክልኝም ስለው፣ ማሽናችን አርጅቶ ነው ማናንግ፣ የልጆቹን ደብዳቤ እየዋጠ ነው አለኝ። እንግዲህ ዛሬ አዲሱን ልታስገቢ አይደል? ለዚህ ብዬ እኮ ነው ጉልበቴ እንዲህ እያመመኝ የመጣሁት።»

ወፍሯል! አንድ ሰው ይህን ቃል ለመፍጠር ምን ያህል ጊዜ አሰበ? ዝም ማለት ይችል ነበር፤ አላውቅም ማለት ይችል ነበር። የሚራብን ልጅ ወፍሯል ብሎ ለእናቱ ማብሰር ምን የሚሉት ነው? ከአክስቷ ጎን ቆማ ሎሚ መቁረጥ ጀመረች። ቢላው ሳንቃውን ሲመታ ብቻ ይሰማል። ሳሊንግ አንድ ሁለቴ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ዝም አሉ። በእኛ ዘንድ ሰው ዝም ሲል አብሮት ዝም ይባላል፣ ምን ሆንሽ ተብሎ አይደገምም። ያ ጨዋነት ነው እንላለን። ያን ቀን ግን፣ ያ ጨዋነት ነው ነገሩን ሁሉ እዚህ ያደረሰው ብትሉኝ አልከራከርም። ልትነግራቸው ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች። በሰታቴው እንፋሎት ውስጥ የደስ ደስ ያለውን ፊታቸውን ስታይ ቃሉ ተመልሶ ወረደ።

ዞር ብላ ወደ ናቶ ሄደች። ናቶ ከጠረጴዛው ጀርባ፣ ከትልቁ ጥቁር ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ክራቫት ያስራል። ከበስተኋላው ግድግዳው ላይ የመርከቦች ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ የሮምኒክ መርከብ የነበረበት ቦታ ላይ ሚስማሩ ብቻ ቀርቷል። ጠዋት ያንን ባዶ ቦታ አይታ አቧራ ለማራገፍ አውርደውት ነው ብላ ነበር።

«ቲዮ፣ የድሮውን አድራሻ ለጊዜው ብናቆየውስ? ባሕር ላይ ያሉት የሚያውቁት እሱን ብቻ ነው።»

«ባሕር ላይ ላሉት ነግሬያቸዋለሁ።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም ኢንዳይ።» ዓይኑ እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ክራቫቱን ጨርሶ ተነሳና ትከሻዋን መታ መታ አደረጋት። «ዛሬ ከውጭ የመጡ ሁለት የመርከብ ድርጅት ሰዎች ይኖራሉ። ከእነሱ ጋር ከተስማማን ሥራ ፈትተው በራችን ላይ የሚቀመጡት ልጆች ሁሉ እንጀራቸውን አገኙ ማለት ነው። አንቺም ከሰኞ ጀምሮ የቴክኒክ ክፍሉ ኃላፊ ነሽ። አስተምሬሽ እዚህ መድረስሽን እናትሽ ብታይ ምን ትል ነበር?»

«አመሰግናለሁ ቲዮ» አለች ኔሪሳ። ቃሉ በልማድ ነው የወጣው፤ ከኮሌጅ ጀምሮ በየወሩ ለዚህ ሰው ስትለው የኖረችው ቃል ነው። ከበሩ ወጥታ መተላለፊያው ላይ ስትደርስ ግን ምን እንዳለች ገባትና በገዛ አፏ ደነገጠች። ጠዋት እሱ አስደነገጣት፣ አሁን ደግሞ ራሷ። አበባ የያዙ ሁለት የጽሕፈት ቤቱ ሴቶች «ቀይሪ እንጂ፣ በዚህ ቲሸርት ነው ፎቶ የምትነሺው?» እያሉ አለፏት።

ወደ ክፍሏ ተመልሳ ማሽኑ ፊት ተቀመጠች። የድሮውን አድራሻ የሚዘጋው አንድ መስመር ትእዛዝ ነው። ብታጠፋው ማንም አያውቅም፤ ቁልፉ ይጫናል፣ ሰው ያጨበጭባል፣ የድሮው በር ግን ሳይዘጋ ይቀራል። አጠፋችው። ትንሽ አሰበችና መልሳ ጻፈችው። ደብዳቤው መድረሱንማ ሲደርስ ነበር እኮ! በየሳምንቱ ደርሷል፤ ማሽኑ አንዲቷንም አልዋጠም። የዋጠው ሌላ ነው። በሩን ክፍት ብትተወው የሚያነበው ያው ናቶ ነው። ወደ ራሷ ሣጥን ብታዞረውስ? ታዲያ እሷ ብቻዋን አንብባ ምን ታደርጋለች? ከአክስቷ ጋር ፓንሲት እየቀመሰች ጨው አለው ትላለች? አሁን የናቶን ነውር ይዛ ዝም ካለች ነገ የራሷ ነው የሚሆነው። ይህን ስታሰላስል ከውጭ የመኪና በር ተዘጋ፤ አባ ኤሊሴዮ መጡ፤ «ኔሪ! ኔሪ! ቴሌቪዥኑ አይሠራም!» የሚል ጥሪ ከአዳራሹ መጣ። ምንም ሳትወስን ሄደች።

አዳራሹ ተጨናንቆ ነበር። ነጭ ጨርቅ የለበሰ ጠረጴዛ ላይ የቁልፍ ሰሌዳው ብቻውን እንደ ታቦት ተቀምጧል፤ ገመዱ ከደረጃው ሥር ወደተከፈተው ክፍል ይገባል፤ ግድግዳው ላይ ያለው ትልቅ ቴሌቪዥን ሰማያዊ ሆኖ ይጠብቃል። ሁለቱ የውጭ እንግዶች ከፊት ወንበር ላይ ላባቸውን ይጠርጋሉ። ከኋላ ደግሞ ሥራ ፈላጊ ባሕረኞች፣ ሸሚዛቸውን ተኩሰው፣ የሌቾኑ ሽታ እየጠራቸው ቆመዋል። ኔሪሳ ሰርቨሩን በዝናብ ልብስ ሸፍናው ነበር፤ አባ ኤሊሴዮ ውሃ የማይሰስቱ ካህን መሆናቸውን ከተማው ሁሉ ያውቃል። ደግ አደረገች፤ ጸሎቱን ጀምረው፣ ግድግዳውን፣ ወንበሩን፣ የእንግዶቹን መነጽር፣ የናቶን ፀጉር፣ ሁሉንም አረጠቡት። ስለ ባሕረኞች ጸለዩ። በማዕበል ያሉትን፣ ከቤታቸው የራቁትን፣ የሚራቡትንና የሚጠሙትን አስብ አቤቱ፣ አሉ። ናቶ አሜን አለ። ጮክ ብሎ ነው ያለው።

ሳሊንግን ከወጥ ቤት አመጧቸው። ሽርጣቸውን ሳይፈቱ ነው የመጡት፤ ቲያ ክላሪታ ደረታቸው ላይ አበባ ሲሰኩላቸው ዓይናቸውን ወደ ሳሊንግ ፊት አላነሱም። ናቶ እህቱን በክንዱ ደግፎ ወደ ጠረጴዛው አመጣና ለእንግዶቹ በእንግሊዝኛ፣ «ይህች እናቴም እህቴም ናት» አለ። ተጨበጨበ። ሳሊንግ እንደማፈር ብለው፣ የትኛውን እንደሚጫኑ ኔሪሳን በዓይናቸው ጠየቋት። አሳየቻቸው። ጣታቸው ቁልፉ ላይ ሲደርስ ግን ቆም አሉ፤ ወደ ወንድማቸውም ዞሩ።

«ናቶ፣ ይሄን ስጫነው የኒክ ደብዳቤ ይመጣል አይደል?»

ጥያቄው በሃሮ ሰው ለስላሳ ድምፅ ነው የተጠየቀው፤ ከኋላ ያሉት አንዳንዶቹ እንደ ቀልድ ፈገግ አሉ። ኔሪሳ ናቶን አየችው። የተረጨው ውሃ ገና ከግንባሩ አልደረቀም፤ ካህኑ ከአጠገቡ መስቀላቸውን እንደያዙ ናቸው። ይህ ሰው አሁንስ ይደነግጣል፣ አሁንስ ምላሱ ይያዛል አለች በልቧ።

«ይመጣል ማናንግ» አለ ናቶ። «እንዲያውም ቶሎ ቶሎ ይመጣል።»

«አይመጣም!» አለች ኔሪሳ።

ምን ያህል ጮክ እንዳለች ያወቀችው ሰው ሁሉ ወደ እሷ ሲዞር ነው። ከዚያ ማቆም አልቻለችም። ቁልፉ ምን እንደሚዘጋ፣ በደረጃው ሥር ምን እንደሰማች፣ መርከቡ ጥገና ላይ እንዳልሆነ፣ ባለቤቱ ጥሏቸው እንደጠፋ፣ ሩዝ እንዳለቀባቸው፣ የዝናብ ውሃ እንደሚጠጡ፣ በየሳምንቱ እየጻፉ እንደነበረ፤ ሁሉንም ቅደም ተከተል ሳይኖረው አፈሰሰችው። ከኋላ የቆሙት ባሕረኞች ወደ ፊት ተጠጉ። አንዱ እንግዳ ምን እያለች ነው ብሎ ጓደኛውን ጠየቀ።

«ደክሟታል፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም» አለ ናቶ እየሳቀ። ሳቁን የተቀበለው አልነበረም።

ሳሊንግ ወንድማቸውን አላዩም። «ክላሪታ?» አሉ። ክላሪታ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው መሬት መሬት አዩ። ሳሊንግ ጠበቁ። አዳራሹ ሁሉ አብሯቸው ጠበቀ። ውሸት ነው የሚለው ቃል አጭር ነው፣ ለመናገርም አያስቸግርም፤ ክላሪታ ግን አላሉትም።

«ሩዝ አለቀባቸው ነው ያልሽው ኢንዳይ?» አሉ ሳሊንግ በመጨረሻ። «ሩዝ?»

«አዎ ቲያ።»

አሮጊቷ እጃቸውን አዩ። ከወጥ ቤት ሲመጡ የተጣበቀ የሩዝ ፍሬ አውራ ጣታቸው ላይ ነበር። ኔሪሳ ይወድቃሉ ብላ ክንዳቸውን ልትይዝ ተጠጋች፤ እሳቸው ግን ጠረጴዛውን ዞረው፣ እንግዶቹን ይቅርታ እያሉ አልፈው፣ ናቶ ለፎቶ ብሎ ወደ አዳራሹ ያስመጣው ትልቁ ጥቁር ወንበር ላይ ተቀመጡ። እግራቸው ወለሉን በደንብ አይነካም።

«እሱን የሚዘጋውን አጥፊው» አሏት። ኔሪሳ አጠፋችውና ቁልፉን ተጫነችው፤ የድሮው በር ክፍት ሆኖ ቀረ፣ አዲሱም ተከፈተ። «አሁን ጻፊልኝ። መርከቡ ላይ ይደርሳል?»

«ይደርሳል።»

«ኒክ ልጄ፣ በዪ። እናትህ ነኝ። በልተሃል ወይ ብዬ አልጠይቅህም፣ እንዳልበላህ ሰማሁ።» ጽሑፉ በቴሌቪዥኑ ላይ ፊደል በፊደል እየወጣ ነበር፤ ባሕረኞቹ ድምፅ ሳያሰሙ ያነቡታል። «አጎትህ የቤቱን ስም ቀይሯል። ደብዳቤህ እንዳይጠፋ በሁለቱም ጻፍ። አዲሱ አድራሻ…» ቆም አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ወንድማቸውን ቀና ብለው አዩት። «ና። አንተው ንገራት።»

«ማናንግ፣ እንግዶቹ…»

«ንገራት ናቶ።»

ድምፃቸው ከፍ አላለም። ይህን ስሙን እንዲህ አድርገው የጠሩት በልጅነቱ ከቂጣው ሣጥን ሳንቲም ሲያነሳ በያዙት ጊዜ ይሆናል። አባ ኤሊሴዮ መስቀላቸውን ዝቅ አድርገው ይመለከቱታል። ከፊቱ ባሕረኞቹ ቆመዋል፤ ነገ እሱ በሚቀጥራቸው መርከብ የሚሄዱት እነሱ ናቸው። ናቶ ጉሮሮውን ጠረገ። አድራሻውን ተናገረ፤ መርከቡ እንዳያገኘው ብሎ ወር ሙሉ የደከመበትን አድራሻ በገዛ አፉ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው። ኔሪሳ ጻፈችው። ሳሊንግ «ላኪው» አሉ፤ ተላከ። ቴሌቪዥኑ ላይ መሄዱን የሚገልጽ አጭር ጽሑፍ ታየ። ያጨበጨበ ሰው አልነበረም።

ናቶ ወንበሩን እንዲለቁለት እጁን ዘረጋላቸው። ሳሊንግ አልያዙትም። ሽርጣቸውን አስተካክለው ወደ ኋላ ደገፍ አሉ።

«መልሱ እስኪመጣ አልነሳም» አሉት። «ዛሬም ይሁን ነገ፣ እዚሁ ነኝ። አንተ ወጥ ቤት ግባና ለሰዎቹ ሩዝ አቅርብ።»